የዕርቁ ጠርሙስ

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ሀያም ኢስሐቅ ከሳጅን ጃለታ ጋር ቀጨኔ ስትደርስ፣ የአረቄ ሻጯ የእትዬ ጽጌረዳ በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ መንገድ ላይ ተጋድሟል። ሰፈርተኛው ጠባቧን ቁልቁለት ሞልቷታል። ድንጋይ የያዘ አለ፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የምትራገም አለች፤ ግማሹ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል።

«መርዝ ነው የምትሸጪልን! ዘርዓብሩክን ገደልሽው! ሐኪም ቤቱም የገደለው መጠጥ ነው ብሏል!»

«እኔም እኮ ትናንት ከሷው ነው የጠጣሁት፤ ወየው!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማና ሕዝቡ ይብሱን ተንጫጫ።

ሀያም በክርኗ መንገድ እያስለቀቀች ገባች። እትዬ ጽጌረዳ ከቤታቸው ጥግ አንድ ቢጫ ጀሪካን እንደ ሕፃን አቅፈው ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ይደማል።

«ልጄ፣ እኔን ተዪኝና ይቺን አድኚልኝ» አሉ። «ቅዳሜ የሸጥኩት ከዚችው ነው። ከደፉብኝ ንጽሕናዬን ማን ይመሰክርልኛል?»

ጃለታ ጀሪካኑን ተሸከመ፤ ሀያም ሴትዮዋን ደግፋ አወጣች። እስከ ፓትሮሉ ድረስ ስድቡና ጠጠሩ ተከተላቸው።

ሀያም አዲሱ ገበያ ከባለሱቅ ቤተሰብ የተወለደች ሙስሊም ናት፤ የአረቄ ጠብታ ቀምሳ አታውቅም። መኪናው ውስጥ ከጀሪካኑ የሚወጣው ሽታ መስኮቱን እስከ ታች አስከፈታት። ያስጨነቃት ግን ሽታው አልነበረም። አንድ ሰው ሞቷል። አረቄው ተመርዞ ከሆነ ከዚሁ ጀሪካን የተቀዳላቸው ሰዎች ይህን ጊዜ በየጓዳቸው ተኝተው ያቃስቱ ይሆናል፤ ማን እንደሆኑ እንኳ አታውቅም።

*

ሟቹ ዘርዓብሩክ አዲሱ ገበያ አካባቢ የቤት ዕቃ መሥሪያ ነበረው። እሁድ አመሻሽ ላይ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል አረፈ። ያከመችው ዶክተር አፍናን የሀያም የልጅነት ጓደኛ ናት። እንቅልፍ ባጣ ዓይኗ ኮሪደር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ሜታኖል ነው» አለቻት። «ከመጠጥ አልኮል ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በመልክም በሽታም ለይተሽ አታውቂውም። እንጨት ከሚያብረቀርቁበት ፈሳሽ ውስጥ አለ፣ ላብራቶሪ ውስጥም አይጠፋም።»

«እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ?»

«እንደሮጠ ሰው ያለከልክ ነበር፤ ሳንባው ግን ጤነኛ ነው። ደሙ አሲድ ሆኗል። ደሞ አንድ ነገር ደጋግሞ አለኝ፤ ‹በረዶው እየገባ ነው፣ መስኮቱን ዝጉት› ይላል። መስኮቱ ዝግ ነበር፣ ሀያም። ሜታኖል መጀመሪያ የሚበላው ዓይን ነው።»

«ቀደም ብሎ ቢታወቅ ይድን ነበር?»

አፍናን ወደ መሬት አየች። «ይድን ነበር። ግን ይዘውት የመጡት ‹ሥጋ ተመርዞ ነው› አሉኝ። መጠጥ ቀምሶ እንደሆን ብጠይቅ ‹በጭራሽ› ተባልኩ። የምግብ መመረዝ መስሎኝ ግሉኮስ ስሰቅል ነጋብኝ።»

ሀያም ማን እንዲህ እንዳለ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። ጃለታ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ቀጨኔ አንድ ሽማግሌ ያስታውካቸዋል። አረቄ ጠጥተዋል ይላሉ!»

ጥያቄዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ወደ መኪናዋ ሮጠች።

ሽማግሌው ምንም አልሆኑም። ጎረቤት «የጠጣ ሁሉ ሊሞት ነው» ሲላቸው፣ ይውጣልኝ ብለው ጉሮሯቸው ውስጥ ጣት ከተው ነው። ያም ሆኖ ቀኑን ሙሉ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ሀያም ሌላ በሽተኛ ነው ብላ ታነሳው ነበር።

*

«ሐሰት ብናገር መድኃኔ ዓለም ይፍረድብኝ» አሉ እትዬ ጽጌረዳ ጣቢያ ውስጥ፣ ግንባራቸው ታሽጎ። «ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዘርዓብሩክ ራሱ መጥቶ አንድ ጠርሙስ አስሞልቶ ሄደ። ‹ዛሬ ማታ ሽማግሌ ተቀምጦ ከሚስቴ ጋር ያስታርቀናል› አለኝ። እኔም ‹እሰይ› አልኩት።»

«ከዚያው ጀሪካን ሌላ ማን ገዛዎት?»

«ማን ያልገዛኝ አለ? ሸማኔው ቶሎሳ ቅዳሜ ማታ እዚያው ተቀምጦ ጠጣ። የቤተክርስቲያኑ ዘበኛ ወሰደ። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ የዘርዓብሩክ ሚስት የሮሐ ወንድም፣ መምህር አክሊል፣ ለወትሮው ደጄን የማይረግጠው ሰው፣ አንድ ጠርሙስ ገዛኝ፤ ማታም ተመልሶ ሌላ ጨመረ። ይኸው ሁሉም በእግራቸው ይሄዳሉ! መርዝ ሰው ይመርጣል እንዴ?»

ሀያም ይህን ስትሰማ ትንሽ ተነፈሰች። ከጃለታ ጋር ቀጨኔን ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ ዋሉ። ቶሎሳ መወርወሪያውን ይዞ ከሸማው ላይ አገኙት፤ «እኔ ጤና ነኝ፣ የሚያመኝ የሴትዮዋ ነገር ነው» አላቸው። ዘበኛውም ደህና ነው። አፍናን ደግሞ ከጀሪካኑ የተወሰደውን ናሙና በምታውቀው ላብራቶሪ አጣድፋ አስመረመረችው፤ ማክሰኞ ጠዋት ንጹሕ አረቄ ነው የሚል መልስ መጣ።

እንግዲያው ጀሪካኑ አይደለም። ዘርዓብሩክ አስሞልቶ የሄደው ያ አንድ ጠርሙስ ነው። አንድ ሰው፣ ቅዳሜ ረፋድና ቅዳሜ ማታ መካከል፣ እጁን አግብቶበታል።

ሀያም ለእትዬ ጽጌረዳ ነፃ መሆናቸውን ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ከአግዳሚው አልተነሱም።

«የት ልሂድልሽ? ሰዉ ገና ድንጋዩን ከእጁ አልጣለም። እስኪበርድለት እዚሁ ልቆይ።»

*

ማክሰኞ ከቀብር በኋላ ሀያም የሐዘኑ ድንኳን ገባች። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ዓምሃ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት። ዕርቁን ያካሄዱት እሳቸው ናቸው።

«በሰላም ነው የጨረስነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዘርዓብሩክ ጉልበቷን ይዞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ‹ዳግም እጄን ባነሳ› ብሎ ማለ። አክሊልም ተነስቶ ሳመው። ከዚያ ያ ጠርሙስ ወጣ። እኔ ጨጓራዬ አረቄ አይቀበልም፤ መርቄ ተቀመጥኩ። እነሱ ሁለቱ ሮሐ ባቀረበችው ብርጭቆ ተጋበዙ።»

«ሁለቱም ከአንድ ጠርሙስ ሲጠጡ አይተዋል?»

«በዓይኔ በብረቱ! አክሊል እያነቀውም ቢሆን ጠጣ፣ ያውም እሱ መጠጥ አይወድም። ይኸው አሁን ሐዘኑ ሰካራም አደረገው።»

አክሊል ከድንኳኑ ምሰሶ ተደግፎ ተቀምጧል። ከእንጦጦ ማርያም መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከኮቱ ኪስ የጠርሙስ አንገት ብቅ ብሏል። ሀያም ስትቀርበው ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ከአንድ ጠርሙስ ነው የጠጣነው፣ ኢንስፔክተር። እሱ ሞተ፣ እኔ ቀረሁ። ለምን ይመስልዎታል?»

«እኔም የምጠይቀው ያንኑ ነው» አለች ሀያም።

«እግዜር ያውቃል» አለና ጠርሙሱን አውጥቶ ተጎነጨ። አጠገቡ የነበሩት ሴቶች «አይ ወንድም! አይ ፍቅር!» እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ነገሩ የሀያምን ጭንቅላት አዞረው። ጠርሙሱ ተመርዞ ከሆነ አክሊል መሞት ነበረበት። ካልተመረዘ ዘርዓብሩክን ምን ገደለው? ምናልባት መርዙ ጠርሙሱ ውስጥ ሳይሆን የዘርዓብሩክ ብርጭቆ ውስጥ ነበር። ብርጭቆውን ያቀረበችው ደግሞ አንዲት ሴት ናት።

ሮሐ ጓዳ ውስጥ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ስትነሳ ግራ እጇን እንደታመመ ሰው ደረቷ ላይ አደረገች። አንጓው ተጣሞ የገጠመ ነበር።

«ጠርሙሱ የት ነው?»

«አጥቤ ጣልኩት።»

«ለምን ታጠበ? የሚጣል ጠርሙስ ማን ያጥባል?»

«የሱ የመጠጥ ሽታ ቤት ውስጥ ሲያድር አልወድም» አለች ሮሐ። «ሲሸተኝ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«የባልሽ ሥራ ቦታ የእንጨት ማብረቅረቂያው የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ሠራተኛ ሲጠፋ እኔ ነኝ የምቀባው» አለች ሮሐ፤ ጥያቄው የት እንደሚያደርስ የገባት ያኔ ነው። ፊቷ አመድ ሆነ።

ወደ መኪናው ሲመለሱ ጃለታ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሞተሩን ሳያስነሳ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቆየ።

«ኢንስፔክተር፣ ይቺን ሴት አውቃታለሁ። አምና እጇ በፋሻ ታስሮ ጣቢያችን መጥታ ነበር። ተረኛው እኔ ነበርኩ። ‹ትዳር ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱት› ብዬ መለስኳት።»

የገዛ ጣቢያቸው በር የዘጋባትን ሴት ነገ በዚያው በር ተጠርጣሪ አድርገው ሊያስገቧት ነው።

*

ነገ ድረስ መቆየት አላስፈለገም። ያኑ ከሰዓት ሀያም ሮሐን ለጥያቄ ጣቢያ አስመጣቻት። ብዙም ሳይቆይ አክሊል እየተንገዳገደ ደረሰ፤ የተረኛውን ጠረጴዛ በጥፊ መታው።

«እህቴን ልቀቋት! እሷ ምንም አታውቅም! ከጠርሙሱ ጠጥቻለሁ እያልኩ!»

«መምህር፣ ይቀመጡ። ቅዳሜ ማታ የሆነውን አንድ በአንድ ይነግሩኛል» አለች ሀያም።

«እነግራለሁ። አሁኑኑ ጻፉ።»

«እንደዚህ ሰክረው የሰጡት ቃል ዋጋ የለውም። ሲሰክኑ ነገ ጠዋት እንነጋገራለን። ጃለታ፣ ሮሐን ወደ ቤቷ አድርሳት፤ እሳቸው እዚህ ይደሩ። ጠርሙሱን ተቀበላቸው።»

ሀያም ያን ጊዜ ያየችውን ፊት ለብዙ ጊዜ አልረሳችውም። አክሊል ጠርሙሱን በሁለት እጁ ያዘ። የጭካኔም የስካርም አልነበረም ፊቱ ላይ የታየው፤ ንጹሕ ፍርሃት ነበር።

«ይቺን ብቻ ተዉልኝ» አለ። «ሌላ ምንም አልለምንም። እባክዎ ኢንስፔክተር፣ አታስክኑኝ።»

«በሦስት ቀን እንዲህ ተጠናወተው» አለ ጃለታ ጠርሙሱን እየነጠቀ። «ሐዘን ክፉ ነው።»

ሀያም ቤቷ ሄዳ ተኛች፤ ግን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ‹አታስክኑኝ› የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሎ አደረ። የመጠጥ ሱስ ያለበት ሰው ‹ስጡኝ› ይላል። ይህ ሰው ያለው ሌላ ነው።

*

ረቡዕ ጠዋት ጣቢያ ስትደርስ አክሊል ከግድግዳው ተጣብቆ ቁጭ ብሏል። ሰክኗል። ነገር ግን ረጅም ዳገት በሩጫ የወጣ ይመስል ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

«መምህር፣ ምን ሆኑ?»

ወደ ድምፅዋ ዞረ፤ ዓይኑ ግን ትከሻዋን አልፎ ሄደ። «ጉም ገብቷል እንዴ?» አለ። «ክፍሉ ነጭ ሆነብኝ።»

ሀያም የዘርዓብሩክ በረዶ ትዝ አላት። ስልኳን አውጥታ አፍናን ጋ ደወለች።

«አፍናን፣ ከዘርዓብሩክ ጠርሙስ የጠጣ ሌላ ሰው እጄ ላይ አለ። የጠጣው ቅዳሜ ነው፤ የታመመው ገና ዛሬ ነው። ጉም ይታየኛል ይላል። እንዴት ይሆናል?»

«በመሀሉ ምን ሲጠጣ ነበር?»

«አረቄ። ሳያቋርጥ።»

«በይ ስሚኝ» አለች አፍናን ድምፅዋ ተለውጦ። «ሜታኖል ራሱ ያን ያህል ገዳይ አይደለም። መርዝ የሚያደርገው የገዛ ጉበታችን ነው። ጉበት ውስጥ አልኮልን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ ሜታኖልንም ሲያገኝ ይሰባብረውና ጉንዳን የሚረጨውን ዓይነት አሲድ ያወጣል። አሲዱ ደግሞ ሴሎቻችን ውስጥ ኃይል የሚያነደውን ሌላ ኢንዛይም ያፍነዋል። ምድጃው ጠፋ ማለት ነው። ሰውየው አየር ይስባል፣ አየሩ ግን ኃይል አይሆነውም። ሰውነት ደግሞ ዳገት ላይ እንዳለ ጋሪ ነው፤ የሚገፋው ኃይል ሲያጣ ወደ ታች ይንሸራተታል።»

«አረቄውስ? አረቄው ምን አደረገለት?»

«የዚያ የጉበት ኢንዛይም መቀመጫው አንድ ነው። ሁለቱ ይሻሙበታል፤ ኢንዛይሙ ደግሞ አረቄውን ያስበልጣል። አረቄ እስካለ ድረስ ሜታኖል ደጅ ይጠናል።»

«ስለዚህ ድኖ ነበር?»

«አልዳነም! ዘገየለት እንጂ። ከእንጦጦ የሚወርድ ውሃ አስቢ። ቁልቁለቱን የሠራው ኢንዛይሙ አይደለም፤ እሱ ቦይ ነው የከፈተው። አረቄው ቦዩን ደፈነው፤ ቁልቁለቱ ግን ያው አለ። የደፈነው ነገር ሲያልቅ ውሃው መውረዱን ይቀጥላል። ሜታኖሉ በትንፋሽና በሽንት ተሟጦ እስኪወጣ ቀናት ይፈልጋል። መጠጡን ያቋረጠው መቼ ነው?»

ሀያም ትናንት ያስነጠቀችውን ጠርሙስ አሰበች። ያስቋረጠችው እሷ ናት።

«ትናንት ከሰዓት» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ፣ ሰኞ አፏ ውስጥ የቀረው ጥያቄ ተመለሰባት። «አፍናን፣ እሁድ ማታ ‹ሥጋ ነው› ያለሽ ማን ነበር?»

«ወንዱ። የሚስቱ ወንድም። ሚስትየውማ ከመደንገጧ አፍ አልነበራትም። እሱ እንኳ ራሱ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር።»

ሀያም የእትዬ ጽጌረዳን ቃል አስታወሰች። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ፤ ደጄን የማይረግጠው ሰው። እሁድ ጠዋት ዘርዓብሩክ ገና ጤነኛ ነበር፤ ቁርሱን በልቶ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። ሰፈሩ ሁሉ ‹ሐዘን ነው ያስጠጣው› ብሎ ከንፈር የመጠጠለት ሰው መጠጣት የጀመረው የሚታዘንለት ሳይኖር ነው። ሐዘኑ ከሞቱ ቀድሟል። ለምን ቢባል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሚያቆመው የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለነበር ነው።

«ሀያም! እየሰማሽኝ ነው? አሁኑኑ አምጪው። እኔ የደም እጥበቱን አዘጋጃለሁ። ዋናው መድኃኒት የለንም፤ የምንሰጠው አልኮል ነው። መንገዱ ተቆፍሯል፣ ትዘገያላችሁ፤ ንጹሕ መሆኑን የምታውቂው አረቄ ካለ ሳትነሱ አጠጪው።»

ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠ አረቄ በመላው ጉለሌ አንድ ብቻ ነበር። እሱም ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ታሽጎ፣ ማኅተም ተመትቶበት።

ጃለታ ከበሩ ቆመ። «ኢንስፔክተር፣ ይሄ እኮ ኤግዚቢት ነው። ማኅተሙን ከነካን ሁለታችንም እንጠየቃለን።»

«እንጠየቅ። ቅደደው።»

ጀሪካኑ ተከፈተ። ሀያም ብርጭቆ ይዛ ቆመች። ምን ያህል እንደሚቀዳ፣ እንዴት እንደሚሸት፣ መልካሙ ከክፉው በምን እንደሚለይ አታውቅም። እትዬ ጽጌረዳ ጫጫታውን ሰምተው ከአግዳሚያቸው መጡ።

«ለማን ነው?»

«ለመምህር አክሊል። ካልጠጣ ይሞታል።» ሀያም ቀሪውን ልትደብቃቸው አልፈለገችም። «ጠርሙሱን የመረዘው እሱ ይመስለኛል፣ እትዬ።»

የሴትዮዋ እጅ የታሸገ ግንባራቸው ላይ ወጣ፤ እዚያው ቆየ። ከውስጥ የአክሊል ትንፋሽ ይሰማል።

«ከሞተማ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስሜን ይዞት ይቀበራል። አምጪው ብርጭቆውን።» ቀዱ፤ መጀመሪያ ለራሳቸው ተጎነጩ፤ አፋቸው ውስጥ አንከባለው ዋጡት። «እኔ ሳልቀምስ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ያው የኔው ነው፤ ውሰጂለት።»

ሀያም የአክሊልን ጭንቅላት ደግፋ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አደረገች። አክሊል ሽታውን ሲያውቅ ዓይኑ እንባ ሞላ። ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ጠጣ።

«ታውቃለህ ማለት ነው» አለችው ሀያም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ‹እርስዎ› ማለት አልሆነላትም።

እሱ ግን ብርጭቆው እስኪያልቅ አልተነፈሰም።

*

ሐሙስ ከሰዓት፣ የሆስፒታሉ ክፍል ፀሐይ ገብቶታል። አክሊል ተርፏል። ዓይኑ ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም፤ ይመለስ አይመለስ አፍናንም አታውቅም።

ሀያም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጃለታ ቃሉን ሊጽፍ አጠገቧ ነው።

«ከትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ነው የወሰድኩት» አለ አክሊል። «ቅዳሜ ወንበር ላግዛት ብዬ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ነበር። ከፊሉን ደፍቼ በሱ ሞላሁት።»

«አንተም ጠጣህ።»

«ካልጠጣሁ ማን ያምነኛል? ትንሽ ነው የጠጣሁት። አረቄ ካላቋረጥኩ እንደሚያልፍልኝ አውቃለሁ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነው።»

«ለምን?»

«የሮሐን እጅ አይተሻል። ሽማግሌ ሲያስታርቃቸው ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በታረቁ ቁጥር ዱላው ይከፋል። ከሽማግሌው በፊት ደግሞ እናንተ ዘንድ መጥታ ነበር። ምን እንዳላችኋት ጠይቂ።»

የጃለታ እስክሪብቶ ቆመ።

ሀያም ያንን ነገር አላለፈችውም፤ ልታስተባብለውም አልሞከረች። «የበደላችሁት እኛ ነን በለኝ፣ እሰማሃለሁ» አለችው። «እትዬ ጽጌረዳ ግን ምን አደረጉህ? በራቸው ሲሰበር ድንኳን ውስጥ ነበርክ።»

«ሰዉ ልቡ ነው፣ ደም ግፊት ነው ብሎ ይቀብረዋል ብዬ ነበር። ሲደበድቧቸው ሰማሁ... እ... ልነሳ አልኩ። አልተነሳሁም።»

በሩ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ማንም አላየም። አክሊል የጨርቅ መንኮሻኮሽ ሰምቶ አንገቱን አዞረ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሮሐ።

ፊቱ በራ። እጁን ወደ ድምፅዋ ዘረጋ። ሮሐ አልቀረበችም።

«እሁድ ማታ እዚህ ስናመጣው ኪስህ ውስጥ ምን ነበር?»

አክሊል እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«አረቄ ነበር። ሸቶኝ ነበር፤ እጄ ተንቀጥቅጧል። ዶክተሯ እኔን ስትጠይቀኝ መልስ የሰጠኸው አንተ ነህ። መድኃኒቱ ኪስህ ውስጥ እያለ እጁን ይዘህ ‹አይዞህ› ትለው ነበር፣ አክሊሌ። እሱም ‹ወንድሜ፣ አትልቀቀኝ› ይልህ ነበር።»

«ለአንቺ ነው... ለአንቺ ብዬ ነው።»

«እኔ እንዲተወኝ ነበር የፈለግኩት። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ እያየ እንዲህ እንዲሆን መቼ ለመንኩህ?» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ኮሪደሩን ይዛ ሄደች። አክሊል እርምጃዋ እስኪጠፋ አዳመጠ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጃለታ ወረቀቱን አጠፈና «ኢንስፔክተር» አለ ቀስ ብሎ፤ «አምና ላልኳት ነገር እኔም ቃሌን መስጠት እፈልጋለሁ። ከፋይሉ ጋር ይግባ።»

«ይግባ» አለች ሀያም።

*

አመሻሹ ላይ ሀያም የደንብ ልብሷን እንደለበሰች እትዬ ጽጌረዳን በእግሯ ይዛ ቀጨኔን ወጣች። በመኪና ማድረስ ትችል ነበር፤ ሰዉ እንዲያይ ፈለገች። በየደጁ የተቀመጡት ንግግራቸውን እያቋረጡ አዩዋቸው። ሸማኔው ቶሎሳ ብድግ ብሎ ሰገደ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። እትዬ ጽጌረዳ ማንንም ሳይሳደቡ፣ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ አለፉ።

«ተረፈ?» ብለው ጠየቁ ቤታቸው ሲደርሱ።

«ተረፈ። ዓይኑ ግን ያጠራጥራል።»

«እህቲቱስ? ባሏ አፈር ገባ፣ ወንድሟ እስር ቤት። ድንኳኑ ነገ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ‹የገዳይ እህት› ብለው ዘወር የሚሉባት እነዚሁ ናቸው፤ እኔ አውቃቸዋለሁ። ሂጂና ነይ በያት። እዚህ ትደር።»

ሀያም ቁልቁለቱን ተመልሳ ወረደች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳስቷል፤ ጋሽ ዓምሃ ብቻ ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሮሐ ጓዳ ውስጥ በጨለማ ተቀምጣለች።

«እትዬ ጽጌረዳ ልከውኝ ነው» አለች ሀያም። «እሳቸው ዘንድ እደሪ ይሉሻል።»

ሮሐ ቀና አለች። «እኔን? ያስደበደባቸው እኮ የኔ ወንድም ነው። አያውቁም ማለት ነው?»

«ያውቃሉ።»

ሮሐ ተነሳችና በጨለማው ውስጥ ጫማዋን በእግሯ መፈለግ ጀመረች።